ሃያ አራት ስሞችና አንድ ክኒን

ሴፕቴምበር 18፣ ሰኞ

ዝናብ። የደጄ የዋልነት ዛፍ ፍሬው ገና አልረገፈም። ጢሜን በራሴ እጅ ተላጨሁ፣ አልተቆረጥኩም። ፓርኪንሰን የሚሉት የመንቀጥቀጥ በሽታ ከያዘኝ ስምንት ዓመት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሽቦ ሰደው ደረቴ ላይ ባትሪ ከቀበሩልኝ ስድስት ወር። እጄ አደብ ገዝቷል። ምላሴ ግን... ዳቦ ቤት ልጅቷ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ጆሮዬ የደነቆረ ይመስል ጮኻ መለሰችልኝ። እኔ እኮ እሰማለሁ። የመንደሩ ከንቲባ ሆኜ ዳቦ መግዛት አቃተኝ።

ሴፕቴምበር 26፣ ማክሰኞ

ከባለቤቴ ከኦዲል ጋር ግሬኖብል ሆስፒታል ወረድን። ሐኪሜ ዶክተር ሻባል የባትሪውን ኤሌክትሪክ ከፍ ስታደርገው እጄ ይረጋል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። ዝቅ ስታደርገው አፌ ይፈታል፣ እጄ መደነስ ይጀምራል። አንዱን ምረጥ ነው ነገሩ?

እስካሁን በዳበሳ ነው የሠራነው አለች። አሁን ኤምአርአይ በሚባለው የፎቶ ማሽን ውስጥ አስተኝታኝ፣ ባትሪውን እያበራችና እያጠፋች፣ አንጎሌ ለየትኛው እንደሚነቃ በፎቶ ልታይ ነው። አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፦ ከፎቶው ዋዜማ ማታ ጀምሮ የመንቀጥቀጡን ክኒን መዋጥ የለም። ክኒኑም አንጎል ስለሚቀሰቅስ የባትሪው ሥራ ይሁን የክኒኑ አይለይም።

ለኖቬምበር 11 የጦር ሰማዕታት መታሰቢያ ስድስት ሳምንት ተኩል ቀረ። እደርስ ይሆን?

ኦክቶበር 3፣ ማክሰኞ

ምክትሌ ሬጂስ መጣ። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 መታሰቢያ ሐውልቱ ፊት ቆሜ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱትን የመንደራችንን ልጆች ስም አነባለሁ። ሕዝቡ በየስሙ «ለፈረንሳይ ሞተ» እያለ ይመልሳል። ሃያ አራት ስም። ሁለቱ የአያቴ ወንድሞች ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንብቤያለሁ፣ አንድም ቀን አላስታጎልኩም።

«ፌርናን፣ ዘንድሮ እኔ ላንብብልህ?»

«ምነው፣ እኔንም ሐውልቱ ላይ ልታስጽፈኝ ቸኮልክ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከልቡ አስቦልኝ ይሆናል... ወንበሬን ፈልጎም ይሆናል።

ኦክቶበር 12፣ ሐሙስ

የፎቶው ቀን። ሆስፒታል ነርሷ ከተንቀሳቀሱ ፎቶው ይበላሻል አለችኝ። እንዴት ነው የማልንቀሳቀሰው? ባትሪው ሲጠፋ ቅጠል ነኝ። ሽንት ቤት ገባሁ። ኪሴ ውስጥ አንድ ክኒን ነበረች... ዋጥኳት። ለፎቶው ብዬ ነው።

ውሸቴን ነው። ሰው ፊት መንቀጥቀጡ አሳፍሮኝ ነው።

ድንጋይ መስዬ ተኛሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰውዬ እንደ እርስዎ የተረጋጋ ታካሚ አይቼ አላውቅም አለኝ። ደስ አለኝ፣ አይ እኔ።

ኦክቶበር 21፣ ቅዳሜ

ማክሰኞ ዕለት ዶክተሯ በፎቶው መሠረት ባትሪውን አስተካክላ ነበር። አፌ ተፈታ። እጄ ግን... ዛሬ ሾርባው ጠረጴዛ ላይ ተደፋ። በር ላይ ስደርስ እግሬ ተተከለ፣ አልነቀል አለ።

ኦዲል የክኒን ሳጥኔን አምጥታ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«አንድ ጎደለ። የዚያን ሐሙስ ዋጥክ እንዴ?»

ሾርባውን በፎጣ መጥረግ ያዝኩ። ሽሽቴን ከሠላሳ ዓመት በላይ ታውቀዋለች። ኮቷን ለብሳ ውጭ ወጣች፣ በዝናቡ።

ኦክቶበር 24፣ ማክሰኞ

ግሬኖብል ሄጄ ለዶክተሯ ነገርኳት። ዶክተር ሻባል ትቆጣለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን አሸች።

«እንግዲያው ክቡር ከንቲባ፣ የክኒኑን ፎቶ ነው ያነሳሁት። የእርስዎን ገና አላየሁም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ታካሚ ቀጠሮውን ስለሰረዘ ለኖቬምበር 3 አስገባችኝ። በእግዜር ቸርነት።

ኖቬምበር 3፣ ዓርብ

ያለ ክኒን። ባትሪው ሲጠፋ መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሴ ሳይቀር። የማሽኑ ሰውዬ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ በትራስ ደገፈልኝ። «መንቀጥቀጥዎን ነው የምንፈልገው፣ ያሳዩን» አለ። አለቀስኩ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ኖቬምበር 7፣ ማክሰኞ

ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን በቂ ነው አለች። ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ የሚወጣበት አራት ቦታ አለ። እስካሁን የተሳሳተው ነበር የሚሠራው፣ ወደ ሌላው ቀየረችው። ቀኝ እጄ ረጋ። ግራው አሁንም ይርገበገባል፣ እሱ ላይሄድ ይችላል ብላለች።

ስምዎን ይበሉ አለችኝ። አልኩ። አላስደገመችኝም።

ኖቬምበር 9፣ ሐሙስ

የስሞቹን ወረቀት ይዤ ተለማመድኩ። ድምፄ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። እጄን ኪሴ ልክተት? በአንድ እጅ ልያዝ? ነፋስ ቢነሳስ?

ኖቬምበር 11፣ ቅዳሜ

በጠዋት ሬጂስ ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ገና ፒጃማውን አላወለቀም።

«ወረቀቱን ያዝልኝ» አልኩት። «ድምፁን ለኔ ተወው።»

ይህን ለማለት ስምንቱንም የሕመም ዓመት የፈጀብኝ ይመስለኛል።

ሐውልቱ ጋ ብርድ ነበር። ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁት፣ ያሻውን ያድርግ። ማንበብ ጀመርኩ። «ለፈረንሳይ ሞተ» አሉ። የዳቦ ቤቷ ልጅ ድምፅ ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል። እያንዳንዱን ስም ለየች ማለት ነው። ኦዲል አንገቷን ደፍታ ነበር፣ በኋላ ቀና አለች።

የአያቴ ወንድሞች ጋ ስደርስ ወረቀቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ፊደሎቹ ተዘበራረቁብኝ። አለቀልኝ አልኩ። ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ የሚንቀጠቀጠው ወረቀቱን የያዘው የሬጂስ እጅ ነው። እንባውን ሊይዝ እየታገለ ነው።

ደግነቱ ስሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።