ጀርባዬን ለወጥ ቤቱ ሰጥቼ

ሰኞ ጠዋት፣ መጋቢት 4 ቀን

ለውዷ ልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኛ ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናት፤ ይህን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፣ አሁን በዚህ ሰዓት ጓዳ ውስጥ ስታንጎራጉር እየሰማኋት ነው።

ከፍለሽ የላክሽልን የምሳ ግብዣ ካርድ ደርሶን ቅዳሜ ዕለት ሄደን በላንበት። «እንደ ሰው ወጥታችሁ ብሉ» ብለሽ ከጻፍሽው ውስጥ «እንደ ሰው» የምትለዋ ለእኔ የታሰበች መሆኗ አልጠፋኝም።

ባለፈው ስትደውዪ እናትሽ ሻንጣ ያወረደችው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ «እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው» ብዬሽ ነበር። እውነት ነው። ያልነገርሁሽ ነገር ቢኖር ሻንጣው ውስጥ ወፋፍራም ሹራቦቿ ሁሉ መግባታቸውን ነው። ብርዱ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ቢሮውን ያስረክባል፤ ዓይኑን የሚረከበው ግን የለም። ዕድሜዬን ሙሉ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና ስቆጣጠር ኖሬ በመጨረሻ የቀረኝ ወጥ ቤት የእናትሽ ብቻ ሆነ። ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቀልሁ። በየዕቃው ክዳን ላይ ቀን ጻፍሁ። የዕቃ ማጠቢያውን ስፖንጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ አገድሁ። ይህን ሁሉ በዝምታ አሳለፈችው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ ሻይ እየጠጣች ሳለ ግን ስኒውን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት። ስኒው ንጹሕ ነበር። ይህንኑ ለእናትሽ ላስረዳት ብሞክር የሚሰማኝ አጣሁ፤ ሻንጣው የዚያኑ ዕለት ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወረደ።

ግብዣሽ የደረሰን በዚህ መሀል ነው። እናትሽ አገላብጣ አየችውና፣

«አንድ ምሳ» አለችኝ። «እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ብለህ አንድ ምሳ ብላልኝ። ካቃተህ እሑድ እሄዳለሁ።»

አልፈራሁም። የእሑዱ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሄጄ የጠየቅሁት እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ነው።

መቼም እንደምታውቂው እኔ ምግብ ቤት ገብቼ በልቼ አላውቅም። በምቆጣጠረው ቤት ብበላ ሰው ምን ይላል? በማልቆጣጠረው ቤት ደግሞ እንዴት ይበላል? በዚህ የተነሣ እናትሽም ከእኔ ጋር ወጥታ በልታ አታውቅም። ይህን ያሰብሁት ቅዳሜ፣ የተሰቀለውን ቀሚሷን አውርዳ ስትተኩስ ሳያት ነው።

ቤቱ የድሮው ጫማ መደብር በነበረበት ቦታ ላይ የተከፈተ ነው። በሩ ላይ «የእስያ ቅይጥ ምግቦች» ይላል። የምግብ ዝርዝሩን እንደ ታሪክ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ጉባኤ ላይ ቢቀመጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር የማይግባቡ አገሮች እዚህ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተግባብተው ተኝተዋል፤ የጃፓን ኑድል፣ የኮሪያ ጎመን፣ የታይላንድ ኮኮናት፣ ከላይ ደግሞ የህንድ ቅመም። ዲፕሎማቶቹ ምሳ ሰዓት ላይ ቢጀምሩት ኖሮ ስንት ነገር በቀረ ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ክብ ፊት ያለው ጎልማሳ፣ ገና በሩን ስከፍት አወቀኝ። ለካ በየምግብ ቤቱ የምጠራው «ቴርሞሜትሩ» እየተባልሁ ነው፤ ስሙን ዞር ብሎ ለአብሳዮቹ በሹክሹክታ ሲያቀብል ሰማሁት። ወጥ ቤቱ ግድግዳ የለውም፤ የሚሠሩት ከተመጋቢው ፊት ነው። ባንድ አፍታ ሁሉም ቆብ አጠለቁ። አንዱማ ቀድሞም አጥልቆ ስለነበር ሌላ ደረበ።

እናትሽ «ጡረታ ወጥቷል» ብትለው ሰውዬው እንዲህ ያለውን ዘዴ ከዚህ በፊት እንዳየ ሰው ፈገግ አለላት። ከዚያ ወደ እኔ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጌታዬ፣ ከማቀዝቀዣው እንጀምር ወይስ ከፍሳሹ?»

«ከሾርባው» አልሁት።

እናትሽ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ቦታ የመረጠችው ግን እሷ ናት። እኔን ጀርባዬን ለወጥ ቤቱ አሰጥታ ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችኝ፤ እሷ ከግድግዳው ሥር ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከራሷ በላይ ትልቅ ቀይ ዓሣ ተሥሏል። ማየት የተፈቀደልኝ እሷንና ዓሣውን ነው።

በሹካ ፋንታ ሁለት ሁለት ቀጫጭን እንጨት አመጡልን። እናትሽ ሹራብ ስትሠራ የኖረች ሰው ስለሆነች ወዲያው ገባት። እኔ አንዲት የኑድል ክር እንደምንም ያዝሁና፣ ሳላስበው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግኋት። እናትሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። ኑድሏን ጎረስኋት። ጣፋጭ ነበረች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስለ አንቺ አወራን። ትንሽ ልጅ ሳለሽ የትምህርት ቤትሽን ምግብ ቤት እንዳዘጋሁትና ስንት ቀን እንዳኮረፍሽኝ አነሣች። የሳህን ሥር ገልብጬ አላየሁም። እጄን ወደ ጠረጴዛው ሆድ አልሰደድሁም። ተሳክቶልኝ ነበር፣ ልጄ።

ዶሮው ሲቀርብ እናትሽ የጀመረችውን ወሬ እመሀል ላይ አቆመችው። ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ሄዶ አንድ ነገር ላይ አረፈና ጠበብ አለ።

«ምንድን ነው?» አልኋት።

«ምንም። ብላ።»

በላሁ። እሷ ግን እንጨቶቿን አስቀመጠች። አየች። ከንፈሯን ነከሰች። ደግማ አየች።

«ዞር ልበል እንዴ?»

«ብትዞር ውርድ ከራሴ።»

ዓሣውን አየሁ። ዓሣውም አየኝ። በዚህ መሀል ወንበሯ ተንቋቋና ተነሥታ ሄደች፤ ቀጥሎ ድምጿን ከኋላዬ ሰማሁት፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ፣ ይግባኝ የሌለው ድምፅ።

«ወንድሜ፣ ጥሬውን ዶሮ ባነሣህበት መቆንጠጫ የበሰለውን አታንሣ። ሁለት ያዝ። ለጥሬው በምትይዘው ላይ ቀይ ክር እሰርበት፣ እንዳይምታታብህ።»

ልጄ፣ ቀይ ክሩ የእኔ ነው። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ያፈለቅሁት ዘዴ ነው። አንድ ምሽት ነግሬያታለሁ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስት ታማስል ነበር። ዕድሜ ልኬን የማወራው ለድስቱ ይመስለኝ ነበር።

ዞርሁ። የመጣው ይምጣ ብዬ ዞርሁ። አብሳዩ ሁለቱንም ቆቡን አውልቆ ይሰማታል፤ እናትሽ የማቀዝቀዣውን በር ላስቲክ በጣቷ እየዳሰሰች ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር፣ «እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል?» አለኝ።

«እሳቸው አለቃዬ ናቸው» አልሁት።

ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» አለችኝ።

«እየበላሁ ነው» አልኋት፤ «እንደማንኛውም ሰው።»

በነጻ ጣፋጭ ሊያመጡልን ሲሉ ሁለታችንም ባንድ አፍ «አይሆንም» አልን። ከዚያ ተያየን።

ቤት ስንገባ ሻንጣው በሩ ሥር እንደ እንግዳ ቆሞ ጠበቀን፤ ዝም ብለነው አለፍን። እሑድ ጠዋት የአውቶቡሱ ሰዓት እስኪያልፍ የጋዜጣዬን አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብሁ። ካለፈ በኋላ «እስቲ ይህን ነገር ወደ ቦታው መልሰው» አለችኝ። ሳነሣው ቀለለኝ። ሹራቦቹ መቼ እንደወጡ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም። ወንበር ላይ ልወጣ ስል «ቆይ» ብላ ቀድማኝ ወጣች፤ ጣቷን በቁም ሣጥኑ አናት ላይ አሳለፈችና አቧራውን አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

«ይህን ማነው የሚቆጣጠረው?»

ጨርቅ አመጣሁ።

የምትውዪበት ይመችሽ፤ የምትበዪው ይስማማሽ፤ ከአጠገብሽ የሚቀመጠውን ሰው ጆሮ የሚሰጥሽ ያድርገው። ዶሮም ስትበዪ በደንብ መብሰሉን እዪ፤ ይህን ያለችው እናትሽ ናት።

አባትሽ፣
የቤታችን ረዳት ተቆጣጣሪ