ሽንፈቴን አትውሰጂብኝ

ውድ ዲና፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና እንደሰነበትሽ አውቃለሁ። አንቺ መቼ ደህና ሳትሰነብቺ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ግን ትናንት ከደወልሽልኝ በኋላ ውስጤ እየበገነ ነው። ስልኩን የዘጋሁብሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኚዋለሽ። በአፌ ብመልስልሽ ስድብ ስለሚቀድመኝ ነው በጽሑፍ የመጣሁት። ከሁሉ በፊት ግን ይህን እወቂልኝ፤ እቀናብሻለሁ። ዛሬ የጀመረኝም አይደለም።

ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር እናንተ ከላይ፣ እኛ ከታች ስንኖር አባትሽ ጋሽ መርዕድ ከሂትሮው አየር ማረፊያ የጥበቃ ሥራቸው ተመልሰው፣ እንቅልፋቸውን ትተው፣ ሁለታችንንም መናፈሻው የቴኒስ ሜዳ ይወስዱን ነበር። እኔ ኳስ ስመታ «ጎበዝ የኔ ልጅ» ይሉኛል። አንቺ ስትመቺ ግን ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ያዩሻል። ያን ዝምታ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁት! «ጎበዝ» ለማንም ይባላል። አድገን በዚሁ ጨዋታ እንጀራ ልንበላ ስንነሳም ነገሩ ያው ሆነ። ወጪ ለመቀነስ አንድ የሆቴል ክፍል ተጋርተን እናድራለን፣ ጠዋት አብረን እናሟሙቃለን፣ ከሰዓት መረብ ለሁለት ከፍሎን እንፋለማለን። ከውድድር ስመለስ እናቴ ገና በሩን ሳልዘጋ «ዲናስ እንዴት ሆነች?» ትለኛለች። ስለኔ የምትጠይቀው ሻንጣዬን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ፍጻሜ ደርሰን ስንገናኝ ረመዳን ነበር። ያሸነፈች በሰኔ በሚደረገው በትልቁ የሳር ሜዳ ውድድር ማጣሪያ ትገባለች፤ የተሸነፈች ሃክኒ ሰፈር ተመልሳ ሕፃናት ታሠለጥናለች። አሠልጣኜ «ለአንድ ቀን ብታፈጥሪ ምን ይልሻል?» ብሎኝ ነበር። እናቴም «በኋላ ትከፍይዋለሽ» አለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም እንዲያዝንልኝም አልፈለግሁም።

አንቺም ሁዳዴ ላይ ነበርሽ፤ ግን ቁርስሽን አጃ በልተሽ ነው የመጣሽው፣ ውሃም አልተከለከልሽም። የመጀመሪያውን ዙር ወሰድሽ። ጎን ስንቀያየር ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። ፎጣውን ሳነሳ ጠርሙስሽ እንደታሸገ ነው። ረስተሽው መሰለኝ። በሚቀጥለውም እንደታሸገ ነው። በሁለተኛው ዙር መሐል እግርሽ መጎተት፣ ኳስሽ መረብ ላይ መቅረት ጀመረ። ያኔ ገባኝ። በጾመኛ ፊት እህል ውሃ አይቀመስም ብለው ያሳደጉንን ይሉኝታ ይዘሽ ለፍጻሜ ጨዋታ መጥተሻል! ያን ዙር ወሰድኩ፤ ግን አልተደሰትኩበትም።

እንዴት እንደበሸቅኩ ልንገርሽ? ከላይ ተመልካቹ መሐል እናቴና እናትሽ እትዬ ጽጌ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብትሸነፊ «ምስኪን፣ ለጓደኛዋ ስትል ውሃ ሳትቀምስ» ሊሉ ነው። ብታሸንፊም «ውሃ ሳትቀምስ!» ሊሉ ነው። በሁለቱም በኩል እኔ የለሁበትም። ለጾሜ እንኳ ባለቤት ላልሆን ነው እንዴ? በሦስተኛው ዙር ባትሽን ይዘሽ ስታጎነብሺ አላስቻለኝም፤ ጎን ስንቀያየር ወንበርሽ ድረስ ሄጄ ጠርሙሱን ከፈትኩት።

«ጠጪ» አልኩሽ።

«አልጠማኝም።»

«ዲና፣ እግርሽ እየተንቀጠቀጠ ነው። ጠጪ!»

«ሲሪየስሊ ሪሑ፣ አንቺ እየጾምሽ ፊትሽ እንዴት ልጠጣ? ነውር አይደለም?»

«ካልጠጣሽ እኔ እጠጣዋለሁ። ወላሂ እዚሁ አፈጥራለሁ፣ ወንጀሉም ባንቺ!»

ዳኛዋ የተጣላን መስሏት «ሌዲስ፣ ታይም!» ብላ ሁለታችንንም አስጠነቀቀችን። ስለምን እንደሆነ ማን በነገራት። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ግጥም አድርገሽ ጠጣሽ። ከዚያ ተነሳሽና አሸነፍሽኝ።

የመጨረሻዋን ኳስ ታስታውሻለሽ? እኔ ተኝቼም አያታለሁ። ከዚያ የተሻለ ኳስ መትቼ አላውቅም። ከእጄ ስትወጣ ነው ያወቅኳት፤ ወደ ግራ ጥግሽ፣ መስመሩን ልሳ የምትወጣ ነበረች። እጄን ላነሳ ትንሽ ነው የቀረኝ። አንቺ በዚያ እግርሽ እያነከስሽ ደርሰሽ በአናቴ ላይ አሳለፍሽብኝ። ዞሬ ስመለከት ኳሷ መስመሩ ላይ አረፈች። በልቼም ጠጥቼም ቢሆን ከዚያ በላይ አልመታም ነበር። መረቡ ጋ ተቃቅፈን በጆሮዬ «ይቅርታ» አልሽኝ። ይቅርታሽን ብወረውርብሽ ደስ ባለኝ። ፀሐይ ስትገባ ደግሞ እናቴ ቴምር ይዛልኝ ወረደችና መንገድ ላይ አንቺን አግኝታ መጀመሪያ አንቺን አቀፈች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ስሜሽ ሳልሄድ የቀረሁት በዚህ ነው፤ ጠይቀሽኝ ስለነበር ነው የምነግርሽ።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ ትናንት ደወልሽ። «ሪሑ፣ ፌር አይደለም። አንቺ ባዶ ሆድሽን ነው የተጫወትሽው። ኢሜይል አደርግላቸውና ቦታውን ላንቺ ይሰጡሻል፣ ሁለተኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ» አልሽኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ በመጀመሪያ ጮቤ ረገጥኩ። ስልኩን ዘግቼ በሳሎኑ መሐል ዞርኩ። ሰኔን አየሁት፣ በዚያ ሳር ሜዳ ላይ የምለብሰውን ነጭ ልብሴን አየሁት። ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምን አለች መሰለሽ? «ታድላ ጽጌ! እንዲህ ያለች ልጅ ወልዳ!»

እኔን የወለደችው ማን ሆና ነው? ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ኩሽና ገብቼ ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሽንኩርት እየከተፍኩ አሰብኩት፤ ባሰብኩት ቁጥር ነደደኝ። አንቺ ያን ቦታ ብትተዪው ያቺ ኳስ የታመመች ሴት ኳስ ትሆናለች። ያ ሁሉ ሩጫዬ ምስኪን ጾመኛ የተንፏቀቀችው ይሆናል። እኔ ግን ምስኪን አልነበርኩም። በሕይወቴ ከተጫወትኩት ሁሉ የተሻለውን ተጫውቻለሁ፤ ያንን ያሸነፈ ሰው አለ፣ እሱም አንቺ ነሽ። በዚህ ምድር ላይ ሌላ ማንም ቢያሸንፈኝ እንዲህ አይቆጨኝም፤ ሌላ ማንም ቢያሸንፈኝም እንዲህ አልኮራም። ይህንን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። ኢሜይሉን ጽፈሽው ከሆነ አጥፊው፤ ልከሽው ከሆነ ተሳስቻለሁ በያቸው። ቦታውን ብትሰጪኝ አልገባበትም፤ ካንቺም ጋር ዳግመኛ ሜዳ ላይ አልቆምም። ይህንን ለማስፈራራት እንዳይመስልሽ። አልችልም፤ ዳግመኛ እንዳታዝኚልኝ እየፈራሁ ራኬት መያዝ አልችልም።

ሰኔ ላይ ገብተሽ ተጫወቺ። እኔም እመጣለሁ። ጋሽ መርዕድ ጎን እቀመጥና አንቺ ስትመቺ እሳቸው ዝም ሲሉ አብሬ ዝም እላለሁ። ከቅናት ልፈነዳ እችላለሁ፤ ይሁን፣ የራሴ ጉዳይ ነው። በመስከረም ውድድር ግን እንደገና እንገናኛለንና ልምምድሽን አጥብቂ። እኔ ካንቺ የምፈልገው የምትሰጪኝን አይደለም፤ የምነጥቅሽን ነው።

እየቀናችብሽ የምትወድሽ
ሪሐብ