የትርንጎ ጉርሻ

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ ጠዋት

ገንፎ። እንደገና ገንፎ። ቅቤው መሃሉ ላይ ጉድጓዱን ሞልቶ ተኝቷል። ከእሱ በፊት አብሽ በማር ጠጥቻለሁ፤ ከእሱ በኋላ ሁለት እንቁላል ይጠብቀኛል። እማዬ ከፊቴ ቆማ ማንኪያዬን በዓይኗ ትከተላለች። እሷ አትቀምስም፤ የጽጌን ጾም ይዛለች። የፈቃድ ጾም ስለሆነ እኔን አታስገድደኝም። እንዲያውም ልጹም ብል ቤቱን ትገለብጠዋለች።

ማስታወሻዬ፣ እዚህ ቤት «ብዪ» የማትዪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ቅዳሜ የልኬት ቀን ነው። እማዬ ሚዛን አትወድም፤ ሰው እንደ በርበሬ አይመዘንም ትላለች። መቀነቷን ፈትታ በእኔ ወገብ ትጠመጥመዋለች። ሦስት ዙር ዞሮ የሚተርፈውን ጫፍ በስንዝር ትለካለች። ከወፈርኩ ጫፉ ያጥራል ማለት ነው። ዛሬም አላጠረም። መቀነቱን ሰብስባ ጓዳ ገባች፤ እዚያው ታጥቃ ወጣች።

የገንፎውን ቅሪት ለድመቷ ልሰጥ ስል ተያዝኩ። በላሁት።

ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 9፡00

ሥራ ቦታ። አራዳ፣ እትዬ ብርቄ ልብስ ስፌት ቤት። ምሳ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ፤ አንዱ ከቤት የመጣ፣ አንዱ ከእትዬ ብርቄ ሳህን። እሳቸው ወፍራም ናቸው፤ የበላሽው የት እንደሚገባ ካወቅሽ ንገሪኝ፣ እኔም የራሴን እዚያው ልላከው ይላሉ። ደንበኛው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ምን ላድርግ።

ከሰዓት በኋላ ግን አልሳቅንም። አንዲት ሴት ከጠዳ ጨርቅ ይዛ መጣች። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ከመጋረጃው ጀርባ ስወጣ አየችኝና አማተበች፤ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ውሃ ሰጠናት። ከእህቴ ከትርንጎ ጋር ጠዳ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ትርንጎ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፤ ታላቄ ናት። ሴትዮዋ ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀች። በፊት አትመሳሰሉም ነበር አለች። አሁን የምትመስያት የመጨረሻ ጊዜዋን ነው።

ደረቷንና ወገቧን ለክቼ ሸኘኋት። ልኩን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከሄደች በኋላ ከመስተዋቱ ፊት መቆም አስፈራኝ፤ አሁንም ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምጽፈው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ ማታ

ጫፉ ያው ነው።

ስለ ጉርሻው ጽፌልሽ አላውቅም። ልጻፍ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ ስለዚህ እማዬ ሁለት ታጎርሰኛለች። ይሄ የማንም እናት ወግ ነው። ከዚያ ሦስተኛውን ትጠቀልላለች። ከሁለቱ ይተልቃል፤ ወጡም ይበዛዋል። ይቺ የትርንጎ ናት ትላለች። እምቢ ስል «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ትለኛለች። ከአርባዋ ጀምሮ እንዲህ ነው። አፌን እከፍታለሁ። እህቴን ወክዬ አኝካለሁ።

ትርንጎ ከሁላችን በላይ ነበር የምትበላው። ከጠዳ በሚኒባስ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ድስት ትከፍት ነበር። እንደዚያ እየበላች ከሳች። እኛም እንስቅ ነበር፤ ንፋስ እንዳይወስድሽ ድንጋይ ያዢ እያልን። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ ደህና ነሽ አላት። ጠበልም ሞከርን። የእንቅርት ዕጢዋ መሆኑ የታወቀው ልቧ ከተጎዳ በኋላ ነው። አንገቷ ላይ እብጠት ስላልነበረ ማን ይጠርጥር። ዕጢው ሳያብጥም ከመጠን በላይ ሲሠራ የበሉትን ሁሉ ያቃጥላል አሉን።

እኔም እበላለሁ። እኔም አልወፍርም። ሦስተኛውን ጉርሻ ስውጥ የት እንደሚሄድ አላውቅም። አንዳንዴ የምትበላው እሷ ናት እላለሁ። እንዲህ ብሎ ማሰብ ኃጢአት ይሆን?

ጥቅምት 20፣ ማታ

አቮካዶ ጁስ፣ የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ በሶ፣ ምስር በሩዝ፣ ወተት። ወተቱን አስመለሰኝ። እማዬ እንዳትሰማ ውሃ ከፈትኩ።

የእጅ አንጓዬን እየያዝኩ የልቤን ምት አዳምጣለሁ። ትርንጎም ልቤ ይሮጣል ትል ነበር። ዛሬ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ሳስገባ አራት ጊዜ ሳትኩ። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ነው። አይደለም። ፈርቻለሁ። በግልጽ ልጻፈው፤ ልሞት ነው ብዬ ፈርቻለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ደግሞ እማዬ አንድ ቀን በዚህ ቤት ብቻዋን መሶብ ፊት መቀመጧ ነው።

ዛሬ ከጓዳ ስትጠራኝ «ትርንጎ» አለችኝ። ሳላርማት አቤት አልኩ።

ጥቅምት 24

እትዬ ብርቄ እጄን ይዘው ሆ/ል ወሰዱኝ። ብቻዬን ብሆን ከበሩ እመለስ ነበር። ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። አንገቴን ዳሰሰች፣ ውሃ ዋጪ አለችኝ፣ የቤተሰቤን ነገር ጠየቀች። የትርንጎን ነገር ስነግራት መጻፏን አቁማ አየችኝ።

መዘነችኝም። ለእማዬ አልነግራትም።

ጥቅምት 27፣ ከረፋዱ 5፡00

የለብኝም። ደህና ነኝ። የእንቅርት ዕጢዬ እንደሚገባው ይሠራል። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር አለችኝ። አባቴ ልጆች ሳለን ነው የሞተው፣ በመኪና አደጋ፤ በፎቶው ላይ ጉንጭ የለውም። ሲበላ ግን ለሁለት ሰው ነበር ይላሉ። ሳቀች። ሰውነትሽ የበላሽውን ቶሎ የሚጨርስ ነው፤ በሽታ አይደለም አለች። በአንዴ ብዙ አትብዪ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ፤ ዘይትና ለውዝ ጨምሪበት፤ ክብደቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

እትዬ ብርቄ በመንገድ ላይ እልል አሉ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ማታ

ለእማዬ ነገርኳት። እሰይ ትለኛለች ብዬ ነበር። ለትርንጎም ደህና ነሽ ብለዋት ነበር አለች፤ ምጣዱን ማጠብ ቀጠለች። ጉርሻው ዛሬ አራት ሆነ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ቁስቋም

ጽጌ ተፈታ። እማዬ ሌሊት ቤ/ክ ሄደች፣ ረፋድ ላይ ተመለሰች። ዶሮ ሠርታለች፤ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። ጎረቤት መጣ፣ በላ፣ መረቀ። እማዬ እየዞረች ታጎርሳለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ ወጥ ትጨልፋለች። አንድ ነገር አየሁ፤ ሁሉም ሰው እጁ ቀልቷል። የእሷ ጣቶች ላይ ያለው ቅባት የሚያጎርስ ሰው ቅባት ነው። ወደ አፏ አልሄደም።

ምነው እማዬ፣ ቅመሺ እንጂ አልኳት። ሆዴን ጎረበጠኝ አለች። ለእንቁጣጣሽም ሆዷን አሟት ነበር። ለመስቀል እንግዳ ስታስተናግድ ነው የዋለችው። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስብ ከፍልሰታ ወዲህ ስትበላ ያየኋት ማታ ማታ ደረቅ ቂጣ ብቻ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

እትዬ ብርቄ ትራፊ ጨርቅ ሰጥተውኛል፤ እማዬን ለገና ቀሚስ ልስፋልሽ፣ ልለካሽ አልኳት። የድሮ ልኬን ታውቂው የለ አለች። ልክ ነው፣ አውቀዋለሁ። ወፍራም ሴት ናት፤ መቀነቷ ሦስት ዙር ሄዶ ለቋጠሮ ብቻ ይተርፍ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ከኋላዋ ሄጄ አቀፍኳት።

እጆቼ ተገናኙ። ተገናኝተውም ተላለፉ።

መቀነቱን ቆጠርኩት። አምስት ዙር ነው። ከሥሩ ሁለት ቀሚስ ደርባለች። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ወገብ የምለካ ሴት፣ ሰው በዓይኔ ገምቼ ጨርቅ የምቆርጥ፣ የእናቴን ወገብ አላየሁም። ለካስ እዚህ ቤት የምትከሳው ሌላ ናት። ሁላችንም ስናይ የነበረው የእኔን አፍ ነው።

ጮኽኩባት። አልቅሼባታለሁም። መጨረሻ ላይ ተናገረች፣ ተረጋግታ፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ።

«ስለት ተስያለሁ። ቁስቋም ማርያምን፣ ይቺኛዋን አትንኪብኝ፣ ሥጋ አልብሺልኝ ብያታለሁ። የመቀነቴ ጫፍ ስንዝር እስኪያጥርባት ድረስ ቅባት ባፌ አይዞርም፣ ከማታ ቂጣ በቀር አልቀምስም ብያለሁ። አንቺ ምን አገባሽ? አንቺ ብዪ።»

እኔ የማልወፍር ሴት ነኝ። ሐኪሟ ዓመት ብላለች። ገባሽ ማስታወሻዬ? እኔ በዘገየሁ ቁጥር እማዬ ታልቃለች።

ኅዳር 10

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ክንፈ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ስለት ከባድ እንደሆነ፣ ያለ እሳቸው ምክር መሳሏም ልክ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ይፈታል ወይ አልኳቸው። ይፈታል፤ በጸሎትና በምጽዋት እለውጥላታለሁ፤ ግን መጥታ መጠየቅ ያለባት እሷ ናት አሉ። ልጅ የእናቷን ስለት አታስፈታም። አብሬሽ ልምጣ ብለው ተነሡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን መጡ።

እማዬ እግራቸውን አጠበች፣ አበላቻቸው፣ መስቀል ተሳለመች። ስለ ስለቱ ሲጠይቋት ግን አፍጥጣ አየችኝ። አባ፣ ስለቴን ባስፈታ ምን እንደሚወሰድብኝ አውቃለሁ አለች። እሳቸውም መለሱላት፤ ማርያም የእናትን ረሃብ አትፈልግም አሉ። አልሰማችም። ሲወጡ በር ላይ፣ አሁን ልቧ በፍርሃት ታስሯል፤ ፍርሃትን እኔ መፍታት አልችልም አሉኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግሁትን ስሚ፤ ከፈለግሽ ሳቂ።

ሳምንቱን ሙሉ እንደ እብድ በላሁ። ጠዋት ተነሥቼ ከቀሚሴ ሥር ሹራብ ለበስኩ፤ በላዩ ላይ ሌላ። ተለኪ ስትለኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። መቀነቱ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ጫፉ አጠረ። ስንዝር ሙሉ አጠረ። ፊቷ ሲበራ አየሁት፤ ከትርንጎ ወዲህ እንደዚያ በርቶ አያውቅም። ከዚያ እጇን ወደ ጎኔ ላከች።

ሹራቡን ጎትታ አወጣችው። የትርንጎ ነው፤ ሰማያዊው። ሌላ ወፍራም ሹራብ አልነበረኝም። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ተቀመጠች።

ከዚያ እንደገና ለካችኝ፣ በቀጭን ልብስ። አንድ ጣት አጥሯል። እውነተኛ አንድ ጣት፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዓል ነበር። ለማርያም ስንዝር ነው ያልኳት አለችና መቀነቷን ታጠቀች። አሁን ከእኔ መደበቋን ትታለች። ስትነሣ ግድግዳ ያዘች።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ቅበላ፣ ማታ 12፡30

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። እስከ ገና ሥጋ የለም፣ ወተት የለም። ለሌላው ሰው ጾም ነው፤ ለእሷ የጀመረችውን መቀጠል ነው። እስከ ገና አትደርስም። ይሄን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገኝም።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ገንፎውን መለስኩላት፣ አብሹን መለስኩላት፣ ምሳውን። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ለመነች። ከዚያ ፈራች። መፍራቷን ሳይ ልቤ ተቆረጠ፤ ግን አልተመለስኩም። ልቧ በፍርሃት እንደታሰረ አባ ነግረውኛል፤ ከፍርሃት ሌላ የሚያንቀሳቅሳት ነገር የለም። እሷ ማርያምን ይዛብኛለች። እኔ ምን ይዣለሁ?

አንድ ነገር አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስታጎርሰኝ «በሞቴ» ስትለኝ ኖራለች። ለእንግዳ ትላለች፣ ለጎረቤት ትላለች። እኔ ለእሷ ብያት አላውቅም። ልጅ ለእናቷ እንዲህ አትልም፤ አንዷን ለቀበረች እናት ደግሞ ጭካኔ ነው። አውቃለሁ። ጭካኔ ነው። ሰምታ ግን እምቢ የምትል እናት አይደለችም። ከጎረሰች በኋላ ነገ ጠዋት አባ ክንፈ ዘንድ እንሄዳለን፤ በአፏ ትጠይቃለች። ከዚያ እበላለሁ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ እስኪመጣ ድረስ፣ ለራሴ ብቻ።

መሶቡ ቀርቧል። ጥብሱ ይሸተኛል፤ ሆዴ ይጮኻል። እየጠራችኝ ነው። ትርንጎ አለች። መለስ ብላ ስሜን ጠራች።

መጣሁ እማዬ። እጄን ታጥቤያለሁ። ዛሬ የምጠቀልለው እኔ ነኝ፤ ሁለት አይደለም፣ ሦስት፤ ሦስተኛዋም የትርንጎ ናት። አንቺ ነሽ የምትጎርሽላት። አፍሽን ክፈቺ። በሞቴ