የሸጌ ቤት ፊተኛው ጠረጴዛ

ጥቅምት 16
ከገነተ ማርያም በእግሬ ላሊበላ ገባሁ። ለልጄ ለጋሻዬ ተዝካር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ። ፈቃጁ ጓድ ሙሉሃብት ስብሰባ ላይ ናቸው... ነገ ነይ።
ከአክስቴ ልጅ ከይማርሽ ቤት አደርኩ። ቤቷ ጠባብ፣ ልጆቿ ብዙ። በልቼ መጥቻለሁ ብዬ ዋሸሁ። ከነገ ጀምሮ ከተማ ውስጥ እበላለሁ።

ጥቅምት 17
ረቡዕ፣ ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስኩም። ሰውየው ዛሬም የለም።
ከገበያው በላይ ያለው ሻይ ቤት ገባሁ። ሁሉም ወንድ። አሳላፊው፣ "ማንን ፈልገው ነው?"
"ሽሮ።"
ተሳሳቁ። "ባለቤትዎ እስኪመጡ ውጭ ይጠብቁ።"
ባለቤቴ ከሞተ ቆየ። እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ...? ዳቦ ገዝቼ ከግንብ ሥር ቆሜ በላሁ። ባል የሌላት ሴት አይርባትም?

ጥቅምት 18
አገኘሁት። ከጋሻዬ ቢበልጥ ትንሽ ነው። አንቺ ይለኛል።
"ድግስ ብክነት ነው። ልጅሽ ጀግና ነው፤ ጀግና ተዝካር አያስፈልገውም።"
"ሞተ ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተ። አፈሩን አላየሁ። በስሙ እንጀራ ላብላለት።"
"ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው።"
"ልጆቹን ለዘመቻ ስትወስዱ ሜዳ ላይ ሰብስባችሁ አልነበር?"
ጸሐፊው አቀረቀረ። እሱ ግን ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ አለኝ። ጻፍኩ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ እስክጨርስ መሸ።

ጥቅምት 19
ዛሬ እየተናደድኩ ነው የምጽፈው።
መኪና ማቆሚያው አጠገብ ወይዘሮ ሸጌ የምትባል ሴት ምግብ ቤት አላት። ገና ደጁ ላይ ስደርስ በቆርቆሮ ሳህን ፍርፋሪ ይዛ ወጣች። "እንኪ፣ በዚያ በኩል ዞረሽ ብዪ። ደንበኛ ይገባል።"
የተላጨ ጭንቅላቴን፣ ጥቁር ልብሴን አይታ ለማኝ መስያታለሁ! በዚህ ከተማ ሐዘንተኛና ለማኝ አንድ ነው?
ሳህኑን ደጁ ላይ ለተቀመጡት ዓይነ ስውር ሽማግሌ ሰጠሁ። አባ አድማሴ ይባላሉ።
"አትቆጪ ልጄ፣ ክፉ አይደለችም። እኔ እዚህ ደጅ ስበላ ስንት ዘመኔ። ውስጡን ግን አላየሁትም።" ሳቁ። "ዓይን ቢኖረኝም አላየውም ነበር።"
እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 20
ቅዳሜ፣ ገበያ። ተመልሼ ሸጌ ቤት ገባሁ። ፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ።
"እናቴ፣ ጓዳ ቦታ አለ..." አለች ሸጌ።
"ጓዳ እቤቴም አለኝ።"
ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አልተነሳሁም። ሸጌ ትናንት የሆነው ትዝ አላት መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። "ምን ይምጣልዎ?"
ሽሮው እየፈላ መጣ። ጋሻዬ እስኪበርድ አይታገሥም ነበር። ምላሱ እንደተቃጠለ ነው ያደገው። እስኪበርድ ጠበቅሁ... ከበረደ በኋላም አልወረደልኝም።

ጥቅምት 25
ከለከሉ። ማኅተም አድርገው።

ጥቅምት 27
ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ሸጌን ጠየቅኋት። "እዚህ ሰው ሲበላ ድግስ ይባላል?"
"ምግብ ቤት ነዋ!"
"ደንበኛ ቢበዛስ?"
"ወንበር እስካለ ድረስ።"
ለተዝካሩ ያሳደግሁት በግ አለኝ፣ ጤፍም አለኝ፣ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ሥሪልኝ፣ ደጅሽ ላይ ያሉትን ወንበር ላይ አስቀምጪልኝ አልኳት።
"አባ አድማሴን? ደንበኛ ይሸሽብኛል!"
"እኔንም ከእነሱ ቆጥረሽኝ አልነበር? ሸሸብሽ?"
ጠረጴዛውን ወለወለች። ደግማ ወለወለች።
"በጉ... ሙክት ነው?"

ኅዳር 11
ቅዳሜ። አርባው ዛሬ ነው። ጠዋት የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል ፍትሐት አደረሱለት። ከዚያ እንደማንኛውም ገበያተኛ ሸጌ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ማዕዱን በልባቸው ባረኩ።
ደጅ የነበሩት ሦስት ሦስት እየሆኑ ገቡ። አባ አድማሴ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ዳሰሱና፣ "እኔ እኮ እብነ በረድ መስሎኝ ነበር" አሉ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። እኔው ነኝ የሳቅሁት?
በምሳ ሰዓት ጓድ ሙሉሃብት እንደልማዱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። "ምንድን ነው ይሄ?"
ሸጌ፣ "የገበያ ቀን ነው ጓድ። ደንበኛ በዛ።"
ባዶው ወንበር ከአባ አድማሴ ጎን ነበር። ተቀመጠ። ወጡን ጠርጎ በላና፣ "ሒሳብ!"
"ተከፍሏል።"
"ማነው የከፈለልኝ?"
ከፊተኛው ጠረጴዛ፣ "ጋሻዬ" አልኩት።
ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ሊቆጣ ነው? ኮፍያውን አንስቶ ብድግ ሲል አባ አድማሴ ክንዱን ያዙት። "ነፍስ ይማር በል እንጂ ልጄ። የሰው ተዝካር በልቶ ዝም ይባላል?"
ሁሉም መጉረሱን አቆመ።
"ነፍስ ይማር" አለ፣ ዝግ ብሎ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ያጽናዎት።"
ወጣ። የእኔ ሳህን መጣ። ወጡ እየፈላ ነው። ሳልጠብቅ ጎረስኩ።