ጤነኛ ሰው ግመል ላይ አይወጣም

ጅጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኔ ከጅጅጋ ነፋስና አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ተመስገን ነው። የእጅ ጽሑፍህን ፖስታው ላይ ሳየው ወዲያው አወቅኩት። ከስምንት ዓመት በኋላ ምን ተገኘ ብዬ ስከፍተው፣ ልጅህ ከትምህርት ቤት መጥታ «ግመል ላይ መቀመጥ ምን ይመስላል?» ብላ ጠይቃህ ኖሯል። የምትጠይቀው ሰው ብታጣ እኔ ትዝ አልኩህ። አይ አንተ!

ይሁን፣ ልጅ ምን አጠፋች። እንዲህ ብለህ ንገራት፤ ግመል ሲነሳ በኋላ እግሩ ስለሚጀምር በግንባርሽ ልትደፊ ምንም አይቀርሽም። እኔ «በስመአብ!» ብዬ ስጮኽ አብረውኝ የሚጓዙት ሴቶች በሳቅ ሞቱ። ወዲያው በፊት እግሩ ሲቆም ደግሞ ወደ ኋላ ትንጋለያለሽ። ኮርቻ ብሎ ነገር የለም፤ መቀመጫሽ የጭነቱ ምንጣፍና እንጨት ነው። ሲሄድ ያወዛውዝሻል፣ እኩለ ቀን ላይ ወገብሽ የራስሽ አይመስልሽም። ግን አገሩን ሁሉ ከላይ ሆነሽ ታያለሽ። ለእሷ ይህ ይበቃታል። ከዚህ በታች ያለውን ለብቻህ አንብበው።

በ1994ቱ የክትባት ዘመቻ፣ ከአይሻ የሁለት ቀን የእግር መንገድ የሚርቅ የአርብቶ አደር ሰፈር አውርደኸኝ «ሐሙስ በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ» አልከኝ። ሐሙስ አለፈ፣ ቅዳሜም አለፈ። በኋላ እንደሰማሁት ለአዲሱ ሥራህ አዲስ አበባ ተጠርተህ ሄደህ ነበር። አልፈርድብህም። ምን ይዋሻል፣ ፈርጄብሃለሁ እንጂ! ሐሙስ ዕለት የምነግርህ ነገር ነበረኝ። አምስት ወር ሙሉ በሰፊ ቀሚስ ደብቄው ከረምኩ፤ ያኔ ግን ከዚያ በላይ የሚደበቅ አልነበረም።

ያሳደሩኝ እማማ ዓሻ የሚባሉ ሴት ናቸው። ከባላቸው ከአባባ ፋራህና ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ፍየል ሊሸጡ ወደ አይሻ ሲነሱ እኔን ይዘውኝ ሊሄዱ ግመል አንበረከኩልኝ። ጅጅጋ ብወለድም የከተማ ልጅ ነኝ፤ ለእንግዳ የሚደረግ ክብር መስሎኝ ኮራሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባባ ፋራህ በእግራቸው! አፈርኩና እሳቸው ይውጡ፣ እኔ ልሂድ አልኩ። እማማ ዓሻ ሳቁብኝ። በእኛ ዘንድ ግመል ለጭነት ነው፣ ጤነኛ ሰው አይወጣበትም፤ የሚወጣው የታመመ ነው፣ የደከመ ነው፣ አሉና ቀጥለው ቀሚሴን አዩት። እናቴ ያላወቀችውን እሳቸው አውቀውት ኖሯል። ቀሚሴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ አይዞሽ ልጄ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

በማግስቱ አይሻ ልንደርስ ስንል ከፊታችን የመኪና አቧራ ተነሳ። መጣልኝ! አልኩ። አንተ የደጋ ሰው ነህ፤ ግመል ላይ ብታየኝ ትስቅ ነበር እንጂ ምንም አይገባህም። ሾፌርህ ባሬ ግን የአገሩ ልጅ ነው፤ ከሩቅ ሲያየኝ ይገባዋል፣ ገብቶትም ዝም አይል። ከእኔ አፍ ሳትሰማ ከእሱ እንዳትሰማ ብዬ አውርዱኝ አልኩ። እማማ ዓሻ እስኪንበረከክ ቆዪ እያሉ ጮኹ። እኔ የት ልቆይ! ከዚያ ከፍታ ዘለልኩ።

የጫት መኪና ነበር። ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አልፎን ሄደ።

የሆነውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? አንዲት ግራር ሥር ሴቶቹ በሻሻቸው ከለሉኝ። እስኪመሽ እማማ ዓሻ እጄን አልለቀቁም። ወንድ ነበር። አባባ ፋራህ ጉድጓዱን በራሳቸው እጅ ቆፈሩና ወደ እኔ መጡ፤ ስም ሳይወጣለት አፈር አይለብስም አሉኝ። የእሱን ስም ራሳቸው አወጡለት። ከዚያ የአባቱስ ስም ማን ይባላል ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

ያኔ ለላክሃቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ የነፈግኩህ አኩርፌ አይደለም፤ ከዚህ ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው።

ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ካልሆነም ተወው። ስንት ልጅ ወለድክ ለሚልህ ሰው የምትመልሰውን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

ወዳጅህ የነበርኩት