ከጽጌረዳው ጀርባ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ያው ነው። ድንቡሼን ማልበስ (ሰባት ዓመት ሞልቷት አሁንም የግራና የቀኝ ጫማዋን ታቀያይራለች)፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ላውንደሪ ገብቶ የሰው ኮት ሲቀበሉ መዋል፣ ማታ ወደ እህቴ ቤት መመለስ። እህቴ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ የምኖረው እዚሁ ከልጇ ከድንቡሼ ጋር ነው። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው።

አበባ ገዝቼላት ብሄድ ነርሷ ከበር መለሰችኝ። የደም ሕክምናው በሽታ የመከላከል አቅሟን ስለጨረሰው አበባም፣ አፈርም፣ ሕፃን ልጅም ወደ ክፍሏ አይገባም። እቅፍ አበባዬን ይዤ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ሙሽራው የቀረባት መስዬ።

ዶክተሩም ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ እንዳታስጨንቋት አለኝ። ጭንቀት አሁን አይሆናትም። ይህን የሚለው ለእኔ ነው? ምድጃው ጠፍቷል አልጠፋም እያልኩ ከመንገድ ለምመለሰው ለእኔ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቁም ሣጥን ውስጥ የእህቴ ባል ካሜራ አገኘሁ። ገዝቶት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው። አበባው ካልገባ ፎቶው ይግባ አልኩ። በምሳ ሰዓት የግቢዋን ጽጌረዳ አነሳሁ፣ አነሳሁ... አንዱም አልሆነ። ቀዩ አበባ ነጭ ሆኖ ቁጭ።

ከላውንደሪው አጠገብ ያለው ባለ ፎቶ ቤት አይቶ ሳቀ። "እመቤቴ፣ ይሄ አበባ ነው ወይስ አምፖል?" ቀትር ላይ አበባ አይነሳም አለኝ። በጠዋት ነው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሲነጋጋ ወጥቼ ከመንገዱ ጫፍ ያለው መናፈሻ ድረስ ሄድኩ። ድንቡሼ ተኝታለች። የግቢያችን እማማ ተነስተው ግቢውን ስለሚጠርጉ ብቻዋን አይደለችም ብዬ ነው። እንዲያም ሆኖ መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ስገላመጥ...

ግን ደስ አለኝ። ቢጫዋ አበባ ላይ ያረፈችው ጤዛ ጥርት ብላ ወጣች። ባለ ፎቶ ቤቱ ከካሜራው ወደ ስልኬ ገለበጠልኝና ለእህቴ ላክሁላት። "ስልኩን ልልሰው ምንም አልቀረኝ" ብላ መለሰች። በየቀኑ ላኪልኝ አለች። ስንት ቀን ሆነኝ ስቄ ካደርኩ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከመናፈሻው ስመለስ ድንቡሼ ነቅታለች። ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የት ነበርሽ አላለችኝም። ቁርሷን አልነካችውም።

ማታ ፍራሿን እየጎተተች አመጣችና በሩ ሥር ዘረጋችው። ለምን ብላት "እዚህ ይሻለኛል" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እናቷ ስትመጣ ቀድማ ልትከፍትላት ነው... አንጀቴን በላችው። ይህንን ለእህቴ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? አልነግራትም። ዶክተሩ ምን አለ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ፍራሹን ቀስ ብዬ ገፋ አድርጌ እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ። ድንቡሼ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሽፋሽፍቷ ግን ይርገበገባል። ሕልም ይሆናል።

ስመለስ የግቢውን ጽጌረዳ በሩን ከኋላ አድርጌ አነሳሁት። አማረልኝ። ከሰዓት ላክሁት።

እህቴ "በሩ ላይ ያለው ምንድነው?" ብላ ጻፈች።

ምስሉን አስፍቼ አየሁት። በሩ ክፍት ነው፣ ፍራሹ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከብርድ ልብሱ የወጣች አንዲት ትንሽ እግር። ክው አልኩ። "ፍራሹን ላናፍሰው አውጥቼው ነው" ብዬ መለስኩ። እግሯስ? ስለ እግሯ አልጠየቀችም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ከአበባው ኋላ ያለውን እንዴት ነው የማጠፋው ብዬ ባለ ፎቶ ቤቱን ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ካሜራው ላይ ያለችውን ይቺን ቁጥር ዝቅ፣ አንቺ ወደ አበባው ጠጋ፣ በቃ አለኝ። ሞከርኩት። አበባው ፍንትው አለ፤ በሩም፣ ፍራሹም፣ ልጅቷም የቀለም ጭጋግ ሆኑ።

"አሁን ባለሙያ መሆንሽ ነው" አለኝ። ኮራሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁለት ጽጌረዳ ላክሁ። እህቴ "ቆንጆ ነው" ብቻ ብላ መለሰች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

መልስ የለም። አይታዋለች፣ ምልክቱ አለ። ደክሟት ይሆን? ትኩሳት? ነርሷ ጋ ደወልኩ፤ ደህና ናት አለች። ነርስ ደህና ናት ከማለት ሌላ ምን ትላለች?

ወይስ ፎቶው ሰልችቷት ነው? የተሻለ ላነሳ ይበልጥ ተጠጋሁ፣ ይበልጥ አደበዘዝኩ። እሱንም አየችው። እሱንም ዝም።

ሥራ ላይ የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰጥቼ ላክሁ። ሰውየው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የማይደርስ ሱሪ ይዞ ተመልሶ ጮኸብኝ። ይቅርታ አልኩ... እንባዬ መጣ። ለሱሪ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ደወለች። ድምጿ ሰልሏል።

"ከአበባው ኋላ ያለውን ለምን አጠፋሽው?"

እንዲያ ነው የሚያምረው፣ ባለሙያዎቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ምናምን... ቀባጠርኩ።

"እኔ እኮ አበባውን አልነበረም የማየው" አለች።

ቤቷን ነው ስታይ የከረመችው። እያሰፋች። መጋረጃውን፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ልብስ፣ የልጇ ዩኒፎርም መታጠብ አለመታጠቡን። ልጄን አንሺልኝ ያላልኩሽ ስቃ ስለምትነሳልኝ ነው አለችኝ። ለበሽተኛ ሁሉም ይስቃል፤ እኔ የሚስቅ ሰው ማመን ትቻለሁ አለች።

ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ። ዘረገፍኩት። ድንቡሼ በር ላይ ነው የምትተኛው፣ አንቺን እየጠበቀች ነው እትዬ፣ ስትመጪ ልትከፍትልሽ ነው አልኳት።

ምን አደረግሁ? ዶክተሩ እንዳታስጨንቋት ብሎ እየለመነኝ...

"ጤዛ ያለበትን የምታነሺው መቼ ነው?" አለች።

"ሲነጋጋ።"

"እሷ ተኝታ?"

"አዎ።"

"እኔም እሷ ተኝታ ነው የወጣሁት። እንዳታለቅስ ብዬ።" ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች። "እኔን እየጠበቀች አይደለም፣ እህቴ። አንቺም እንዳትሄጂባት ነው በሩን የዘጋችው።"

ስልኩን ይዤ ላውንደሪው ውስጥ ከተሰቀሉት ኮቶች መሃል ገብቼ አለቀስኩ። ያቺ የምትርገበገብ ሽፋሽፍት... እያየችኝ ነበር። በየጠዋቱ ፍራሿን ገፍቼ ስወጣ እያየችኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አልወጣሁም። እህቴ ትናንት በስልክ ንገሪያት ያለችኝን ቁርስ ላይ አንድ ሳላስቀር ለድንቡሼ ነገርኳት። እናትሽ ሳትነግርሽ መሄዷ ጥፋት ነው ብላለች። መድኃኒቱ አላለቀም። መቼ እንደምትመጣ እሷም፣ እኔም፣ ዶክተሩም አናውቅም። እኔ ጠዋት የምወጣው አበባ ላነሳ ነው፣ እመለሳለሁ።

ዳቦዋን እየቆራረሰች ሰማችኝ። አታለቅስም፣ አትጠይቅም። ከልክ በላይ ነገርኳት? ሰባት ዓመት እኮ ነው...

"ስትሄጂ ቀስቅሺኝ" አለች።

"እንቅልፍሽ ይበላሽብሻል።"

"ቀስቅሺኝ።"

ዳቦውን ጨረሰችው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የእህቴ የደም ውጤት ገና አልመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ይሉናል። ፍርሃቴ የትም አልሄደም፣ አብሮኝ ይተኛል አብሮኝ ይነሳል። ግን ዛሬ ሌላ ነገር ልጽፍ ነው።

ሲነጋጋ ጎንበስ ብዬ ትከሻዋን ነካሁ። አንድ ዓይኗን ገለጠች።

"አበባ ላነሳ መሄዴ ነው።"

"ትመለሻለሽ?"

"እመለሳለሁ።"

ትንሽ አሰበችበት። ተነሳችና ፍራሿን በሁለት እጇ ከበሩ ወደ ጎን ጎተተችው።

"እሺ፣ ሂጂ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

መናፈሻው ውስጥ አንድም ደህና ፎቶ አላነሳሁም፣ ለመመለስ እየተጣደፍኩ። ስመለስ ጫማዋን አላደረገችም፣ አልተነሳችም። አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። የእውነት እንቅልፍ ነው። ቁርሷን አቅርቤ ነው የቀሰቀስኳት።