ሁለት መቶ ግራም የተባለው ቅባት

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ ሰላም ናቸው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ ሰሞኑን ስድስት ሰው ፊት ጉድ ሆኛለሁ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት እንጂ ላንቺማ ልናዘዝ።

ያ ከሺአ ዛፍ ፍሬ ቅቤ የምሠራው የፀጉር ቅባት ትዝ ይልሽ የለ? ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲስት ሠላሳ ብልቃጥ አዘዘኝ። ከወደደው በየወሩ ሊወስድ፣ ካልወደደው እኔ ወደዚያ ስፌት ፋብሪካ ልመለስ። እያንዳንዱ ላይ "200 ግራም" ተብሎ ይጻፍ አለኝ። ሚዛን የለኝም፤ ግን የማን ልጅ ነኝ? እማዬ ዱቄቱንም ዘይቱንም በብርጭቆ እየለካች አይደል ያሳደገችን። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ አትክልት ሻጯ ጋ ሄድኩ። በሚዛኗ መዝነን የብርጭቆውን ክብደት ስንቀንስ ውሃው ልክ ሁለት መቶ ግራም ሆነ። በቃ፣ በዚያ ብርጭቆ የሞላ ነገር ሁሉ ሁለት መቶ ግራም ነው ብዬ ደመደምኩ። ብልቃጦቹም የሚይዙት ያንኑ ያህል ነው። ከዚያ ቅቤው እንዲለሰልስ በእንቁላል መምቻ ስመታው እንደ ጥጥ ተነፋ። በረከት መሰለኝ፣ እትዬ። እስከ አፉ ሞልቼ፣ ወረቀቱን ለጥፌ፣ ደረቴን ነፍቼ ወሰድኩለት።

ሰውዬው መጀመሪያ ባዶ ብልቃጥ፣ ቀጥሎ ሙሉውን መዘነ። ቅባቱ መቶ ሃያ ግራም። ሌላ አነሳ፤ መቶ አስራ ስምንት። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ሚዛንህ ተበላሽቷል አልኩት። የመድኃኒት ቤት ሚዛን!

"ብልቃጡማ ሙሉ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ፤ "ሲሶውን የሞላሽው ግን በአየር ነው።"

የሳል ሽሮፕ የሚጠብቁ አንዲት እናት ከኋላዬ ሆነው "የኔም ባል ሲያገባኝ እንዲሁ ሙሉ መስሎኝ ነበር" አሉና ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ደግነቱ አላባረረኝም። ቅቤውን አቅልጦ መቶ ሚሊ ሊትር ለካና መዘነልኝ፤ ዘጠና አንድ ግራም። ከውሃ ይቀላል ለካ። ሁለት መቶ ግራም ቅቤ ሳይመታ እንኳ ሁለት መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር ቦታ ይፈልጋል፤ የእኔ ብልቃጥ ውስጥ በምንም ተአምር አይገባም። ስለዚህ ወረቀቱን ልጬ፣ እያንዳንዱን በሱ ሚዛን አስመዝኜ፣ እውነተኛውን ክብደት ልጽፍ ተስማማን። እስከ ቅዳሜ ከጨረስሽ ትዕዛዙ ያንቺው ነው አለኝ።

ሠላሳውንም በአንድ ፌስታል መውሰድ ይቻላል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን በቀን ሁለት ሁለት ነው የምወስደው፣ እንዳይሰበሩብኝ። ፕላስቲክ አይደሉም ወይ እንዳትዪኝ። እሱም አንዱን ብልቃጥ ሦስት ሦስት ጊዜ ይመዝናል፤ ጥንቁቅ ሰው ነው። መሃል ላይ ስለ አባታችን ይጠይቀኛል፣ ስለ ራሱ ጥርስ ሕመም ያወራኛል። እንዲህ እንዲህ እያልን ቅዳሜ ከተፍ አለ። የተመዘነው አስር ብቻ!

ትዕዛዜ ቀረ ብዬ ዐይኔ እንባ ሲሞላ፣ አጎንብሶ ሚዛኑን እየወለወለ፣ ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣

"የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እኮ አልተናገርኩም" አለኝ።

ሃያ ብልቃጥ ይቀረናል። ያንን ሰማያዊ ቀሚስሽን ሰው ሲመጣ ላኪልኝ፤ ለሥራ ነው። ሠላሳኛው የተመዘነ ዕለት የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ። ወገብሽን ይማርልሽ፣ ልጆቹን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አይለየው።

ምስጢሯን አደራ ያለችሽ፣
ታናሽሽ